በኪሎ የገዛኋቸው የአውሮፓ ሳንቲሞች፦ ከፊደሉ በፊት ጋሻውን እዩ

ቅዳሜ ጠዋት ቪየና ውስጥ ኬተንብሩክንጋሰ የባቡር ጣቢያ ብትወርዱ የአሮጌ ዕቃ ገበያው እዚያው ደጁ ላይ ይጀምራል። ናሽማርክት ከሚባለው የምግብ ገበያ ጋር የተያያዘ ነው። የተሰነጠቀ ስኒ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ ፎቶ፣ ቴምብር፣ የቆመ ሰዓት፣ የሌለ ነገር የለም። ከሻጮቹ አንዱ ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛቸው ሥር አንድ ባልዲ አለ፣ እስከ አፉ ሳንቲም የሞላ። በእጃቸው እየዘገኑ ሚዛን ላይ ያፈሱና በኪሎ ይሸጡታል። ኪሎው 25 ዩሮ ነው። መምረጥ አይፈቀድም፣ የወጣላችሁን መውሰድ ነው። እዚህ ያሉ ሰብሳቢዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ሽያጭ «ኪሎቫሬ» የሚል ስም አላቸው፣ የኪሎ ዕቃ እንደማለት።

አንድ ኪሎ ገዛሁ። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሳገላብጠው ከረምኩ። አሁን ስለ ግዢው የማስበውን ልጻፍ፣ ምክንያቱም «ያዋጣል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል።

መልሱን ቀድሜ ልናገር። ልትሸጡትና ልታተርፉበት ከሆነ አትግዙ። ሻጩ ባልዲውን ከማቅረባቸው በፊት ከብር የተሠሩትን ሳንቲሞች ለይተው አውጥተዋል፣ ይህ ግልጽ ነው፣ እሳቸውም አይደብቁትም። ማንበብ ለሚወድ ሰው ግን በ25 ዩሮ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ማንበብ ስል ፊደሉን ማለቴ አይደለም። ፊደሉማ ከብዙዎቹ ላይ ተፍቆ አልቋል። ጋሻውን ነው።

ከረጢቴ ውስጥ 187 ሳንቲም ወጣ። ከግማሽ በላዩ ዩሮ ከመምጣቱ በፊት ሰው ኪስ ውስጥ የነበረው ነው፤ ሊሬ፣ ፔሴታ፣ ፍራንክ፣ ሽሊንግ። እሱን በአንድ ማታ ለይቼ ጨረስኩ። ጉዳዩ ያለው ቀሪዎቹ ላይ ነው። ጥቁር፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ የያዛቸው፣ ጠርዛቸው የተበላ። ብዙዎቹ ላይ አገሩም ዓመቱም አይነበብም። መሃል ላይ ያለው ጋሻ ግን አለ፤ ሰፊ ስለሆነና ጠለቅ ተደርጎ ስለሚቀረጽ ከሁሉ በኋላ የሚጠፋው እሱ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ሳንቲም በፎቶ የሚለይ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ስሙን አልጠራም። በየሳምንቱ ገንዘብ ይቆርጣል። አዲስና ንጹሕ ሳንቲም ስታሳዩት ጥሩ ይሠራል። ያረጀውን ስታሳዩት ግን ይገምታል፣ እየገመተ መሆኑንም አይነግራችሁም። አንበሳ ያለባትን አንዲት የመዳብ ሳንቲም ሦስት ጊዜ አሳየሁት፣ ሦስት የተለያየ አገር ነገረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሰረዝኩት። ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ ጻፍኩ፣ እስካሁን መልስ የለም። ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ገንዘብ አታውጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጋሻው የገባሁት። ለእኛ ነገሩ ባዳ አይደለም። ልጅ ሆነን ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወርን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ስንባባል ዘውዱ የንጉሡ ራስ፣ ጎፈሩ አንበሳው ነበር። ጽሑፉን ማንም አያነበውም፤ አንበሳውን አይቶ የማን ገንዘብ እንደሆነ ያውቃል። አውሮፓም የኖረው እንደዚሁ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ በማይችልበት ዘመን ሳንቲሙን የሚያስተዋውቀው ሥዕሉ ነበር። ይህ የአርማ እውቀት ሄራልድሪ ይባላል፣ የራሱ ሰዋስውም አለው።

አንደኛው ነገር ቀኝና ግራ ነው። ጋሻ የሚነገረው ከተሸካሚው አንጻር እንጂ ከተመልካቹ አይደለም። ጋሻ ያነገበ አርበኛ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ አስቡት፣ ወዲያው ይገባችኋል፤ የእሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ነው። ጋሻው አራት ቦታ ከተከፈለ የክብር ቦታው ከላይ በእኛ ግራ በኩል ያለው ነው። ባለቤቱ የሚያስቀድመውን ግዛት እዚያ ያኖራል። መሃል ላይ ሌላ ትንሽ ጋሻ ከተደረበች ደግሞ ብዙውን ጊዜ እሷ የገዢው ቤተሰብ አርማ ናት።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ይህን ያወቅኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳንቲም ቀለም የለውም፣ አርማ ግን ያለ ቀለም አይሆንም፤ ቀይ ሜዳ ላይ ያለ ነጭ መስቀልና ነጭ ሜዳ ላይ ያለ ቀይ መስቀል የሁለት ሰዎች ናቸው። ታዲያ ቀራጮቹ ምን አደረጉ? ቀለሙን በመስመር ጻፉት። ዘዴውን ያስፋፋው ሲልቬስትሮ ፒየትራሳንታ የሚባል ጣሊያናዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነው፣ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ። ቁልቁል የወረደ መስመር ቀይ ነው። አግድም መስመር ሰማያዊ። ከላይ ከግራችን ወደ ታች ወደ ቀኛችን የሚወርድ ሰያፍ አረንጓዴ። ቁልቁሉና አግድሙ ከተጠላለፉ ጥቁር። ነጠብጣብ ወርቅ ነው፣ ምንም ያልተሠራበት ለስላሳ ቦታ ብር ነው፣ ማለትም ነጭ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አሁን አጉሊ መነጽር አንሡና አንድ የጣሊያን ንጉሣዊ ሳንቲም እዩ። ለስላሳ መስቀል አለ፣ ዙሪያው ቁልቁል በወረዱ ቀጫጭን መስመሮች ተሞልቷል። ቀይ ላይ ነጭ መስቀል ማለት ነው። የሳቮይ ቤት ነው፣ ጣሊያንን ከ1861 እስከ 1946 የነገሡባት። የኦስትሪያ ጋሻ ደግሞ ሦስት አግድም ክፍሎች አሉት፤ ላይኛውና ታችኛው ቁልቁል መስመር አለባቸው፣ መሃሉ ባዶ ነው። ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ። ዛሬ መንገድ ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ ማለት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በተሠሩት ላይ ግን ይህን አትፈልጉ፣ ዘዴው ገና አልተለመደም ነበር። በጣም ትንንሾቹም ላይ ቀራጩ ቦታ ሲጠበው ይዘለዋል።

ከረጢቴ ውስጥ የበዛው ንስር ነው። ቪየና ስለሆነ አይገርምም። ንስር ስታዩ መጀመሪያ ራሱን ቁጠሩ። ሁለት ራስ ካለው «ኦስትሪያ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ሩሲያም ሰርቢያም ባለ ሁለት ራስ ንስር አላቸው። ደረቱን እዩ። ደረቱ ላይ ፈረሰኛ ዘንዶ እየወጋ ከሆነ ሩሲያ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ስላየነው ሳንቲሙ እስኪላላጥ ቢያልቅ እንኳ የፈረሱን አቋም እናውቀዋለን፣ እኔ አንዷን ኮፔክ የለየሁት በጦሩ መስመር ብቻ ነው። ደረቱ ላይ መስቀል ኖሮ በአራቱ ማዕዘን ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ የእሳት መጫሪያ ብረቶች ካሉ ሰርቢያ ነው። ብዙ ክፍል ያለው ጋሻ ካለ የሃብስቡርጎች ነው፣ ማለትም የኦስትሪያ ነገሥታት።

አንድ ራስ ካለው ደግሞ ጀርመንን አስቡ። የጀርመን ኢምፓየር አንድ ፕፌኒግ ከኪሎ ዕቃ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ዓመቱ ቢፋቅም ንስሩ ዘመኑን ይናገራል፤ እስከ 1889 የተሠሩት ላይ ንስሩ ትንሽ፣ ደረቱ ላይ ያለው ጋሻ ግን ትልቅ ነው፣ ከ1890 ጀምሮ ንስሩ አደገ፣ ጋሻው አነሰ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የኦስትሪያ ንስር ራሱ ነው። ከአንድ ኪሎ ውስጥ የአገሪቱን ታሪክ በቅደም ተከተል ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩት። እስከ 1918 ሁለት ራስና ዘውድ አለው፣ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ። በ1919 ሪፐብሊክ ስትሆን አንዱ ራስ ተነሣ። በዘውዱ ፋንታ የከተማ ግንብ የሚመስል አክሊል መጣ፣ በእግሮቹም መዶሻና ማጭድ ያዘ። እኛ አገር መዶሻና ማጭድ ያየ ሰው አእምሮው ወዲያው ወደ ደርግ ይሄዳል፣ እዚህ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ማጭዱ ገበሬውን፣ መዶሻው ሠራተኛውን፣ ግንቡ ከተሜውን ይወክላል። በ1934 አምባገነን መንግሥት ሲመጣ ሁለት ራሱ ተመለሰ፣ ዘውድ ሳይኖረው፣ በራሶቹ ዙሪያ የብርሃን አክሊል ይዞ። ከ1945 በኋላ እንደገና አንድ ራስ ሆነ፣ እግሮቹም ላይ የተበጠሰ ሰንሰለት ተጨመረ። አንድ ወፍ፣ አራት መንግሥት። ከዚህ የተሻለ የታሪክ መማሪያ የት ይገኛል?

ሌላም የምወዳቸው ጥንድ አሉ። ሁለቱም ከ1892 በኋላ የተሠሩ ናቸው፣ ሁለቱም ነሐስ፣ መጠናቸው አንድ፣ ሁለቱም ፍራንዝ ዮሴፍ በነገሠበት አንድ ግዛት ውስጥ ይገበያዩባቸው ነበር። አንዱ ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፣ የኦስትሪያ ሁለት ሄለር ነው። ሌላው ላይ ዘውድ ብቻ አለ፣ ጫፉ ላይ ያለው መስቀል ግን ወደ ጎን ዘመም ብሏል። የሃንጋሪ ሁለት ፊሌር ነው። የሃንጋሪዎች የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘውድ መስቀሉ በእውነትም የዘመመ ነው፣ እነሱም አላቃኑትም፤ እንዳለ ገንዘባቸው ላይ ቀረጹት። የዘመመች መስቀል ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

የከረጢቱን ዕንቁ ያገኘሁት ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ሻጩ እንዴት እንዳለፏት እንጃ፣ ምናልባት ከአንድ ትልቅ ሳንቲም ጀርባ ተጣብቃ ይሆናል። እንደ ቅጠል የሳሳች፣ ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ። ሚዛኔ ግማሽ ግራም ያህል አለ። ጠቁራለች ግን ብር ናት። አንድ ጎኗ ላይ ልጅ የታቀፈች ሴት አለች። አጉሊ መነጽሩን ሳቀርብ ገባኝ፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ተነሥቼ ቆምኩ።

ጀርባዋ ላይ ጋሻ አለ፣ አራት ቦታ የተከፈለ። አንዱ ላይ አግድም መስመሮች፣ አንዱ ላይ ሁለት ክንድ ያለው መስቀል፣ አንዱ ላይ ሦስት የአውሬ ራስ፣ አንዱ ላይ አንበሳ። መስመሮቹና ባለ ሁለት ክንዱ መስቀል የሃንጋሪ ናቸው፣ ሦስቱ ራሶች የዳልማቲያ (ዛሬ የክሮኤሺያ ጠረፍ)፣ አንበሳው የቦሄሚያ (ዛሬ የቼክ ክፍል)። የሃንጋሪ ዲናር ናት ማለት ነው። የማን ዘመን? ይህን የምትናገረው መሃል ላይ የተደረበችው ትንሿ ጋሻ ናት። በንጉሥ ማቲያስ ኮርቪኑስ ዲናሮች ላይ ቁራ ይቀመጥባታል፣ ቀለበት በአፉ የያዘ፣ የቤተሰቡ ምልክት ነው። የእኔዋ ላይ ግን ያለው ቁራ አይደለም፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው፣ የፖላንድ ንስር። ከማቲያስ በኋላ የነገሡት ቭላዲስላቭ 2ኛና ልጁ ሉዊ 2ኛ ከፖላንዱ የያጌሎን ቤት ነበሩ። ዘመኑ ከ1490 እስከ 1526። አንዲት ሙሉ ቃል የማይነበብባት፣ ዓመቷ የጠፋ፣ 500 ዓመት ገደማ ያላት ሳንቲም በአንዲት የሽንብራ ግማሽ በምታህል ንስር ብቻ ስሟን ነገረችኝ። ዋጋዋ ብዙ አይደለም፣ ይህን ዓይነቱን ዲናር በርካሽ ማግኘት ይቻላል። እኔ ግን አልሸጣትም።

ስለ አንበሳ ደግሞ ልንገራችሁ። አውሮፓ ውስጥ አንበሳ የሌለው የለም፣ ስለዚህ አንበሳ ማየት ብቻውን ምንም አይረዳም። የያዘውን እዩ። መጥረቢያ ከያዘ ኖርዌይ ነው፣ የቅዱስ ኦላፍ መጥረቢያ። ሰይፍና የታሰሩ ቀስቶች ከያዘ ኔዘርላንድ። ጭራው ለሁለት ከተከፈለ ብዙውን ጊዜ ቦሄሚያ። የቤልጂየም አሮጌ ሳንቲሞች ላይ ያለው ተቀምጦ ሰሌዳ ይዟል፣ ሰሌዳው ሕገ መንግሥታቸው ነው። ዴንማርክ ሦስት አንበሳ አላት፣ በመካከላቸው ልብ የሚመስሉ ነጥቦች ተበትነዋል። ስዊድን ሦስት ዘውድ ስለሆነች አታስቸግርም። ፖርቱጋልም ቀላል ናት፣ አምስት ትንንሽ ጋሻ በመስቀል ቅርጽ፣ ዙሪያውን ግንቦች።

መተግበሪያው ሦስት አገር የሰጣት የመዳብ ሳንቲም ትዝ ትላችኋለች? አንበሳዋ ምንም አልያዘም። ለብዙ ቀን ያስቸገረኝ እሱ ነው። በመጨረሻ የገባኝ ወገቡን ሳይ ነው፤ አንበሳው ወገብ የለውም። ግማሹ ብቻ ነው ያለው፣ ከታቹ ሞገድ ነው። ከባሕር እየወጣ ነው! የዜላንድ አርማ ነው፣ ከኔዘርላንድ አውራጃዎች አንዷ፣ መሬቷ ከባሕር ጋር ስትታገል የኖረች። ሳንቲሟን ገለበጥኩ፣ እርስ በርስ የተቆላለፉ ሦስት ፊደላት፣ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ምልክት። 18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዱይት የምትባል ትንሽ ገንዘብ። ከኩባንያው ጋር ወደ እስያ ንግድ የወጡት እነዚህ ናቸው።

የስፔኗን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1870 የወጡት 5 እና 10 ሴንቲሞ ላይ አንበሳ ጋሻ ይዞ ቆሟል። ሕዝቡ ግን አንበሳውን ውሻ አስመሰለውና ትልቁን «ወፍራሟ ውሻ» ትንሹን «ትንሿ ውሻ» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ ከሳንቲሞቹ ዕድሜ በላይ ኖሯል። የእኔን «ወፍራሟ ውሻ» ደጋግሜ አየኋት፣ አንበሳው በእርግጥም ጎፈሩ አንሶታል።

አንድ ሳንቲም ብቻ ለይቼ ሌላ ቦታ አስቀምጫለሁ። የጣሊያን 50 ሴንቴሲሚ ነው። ንስር በታሰረ ዘንግና መጥረቢያ ላይ ቆሟል፣ የፋሺስቶቹ ምልክት። ፊቱ ላይ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ፣ ከስሙም ቀጥሎ «ሬ ኤ ኢምፕ» ይላል፣ ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት የየት? የእኛ። በ1936 አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ የጨመሩት ማዕረግ ነው። ይህ ዓይነቱ ሳንቲም እስከ 1943 ተሠርቷል። ጃንሆይ ግን በግንቦት 1941 አዲስ አበባ ገብተው ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰዎች እንደ ተራ ብረት ከባልዲ ውስጥ ዘግነው የሚያልፉት ነው፣ እኔ ስይዘው እጄ ይከብደኛል።

ጠገራን፣ የንግሥት ማርያ ቴሬዛን ብር፣ ሳላነሣ ይህን መጨረስ አልችልም። ባልዲው ውስጥ ጠገራ አትወጣም፣ ትልቅ ብር ስለሆነች ማንም አይጥላትም። ነገር ግን ጋሻ ማንበብ የጠቀመኝ ለእሷም ነው። ቪየና ቤተ ክርስቲያን ከምንገናኝ እናቶች አንዷ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። መሃረባቸውን ፈቱ።

«ልጄ፣ ሳንቲም ታውቃለህ አሉ። ይችን የእናቴን ጠገራ እስቲ እይልኝ፣ እውነተኛ ናት?»

አስመራ የኖሩ እናታቸው የተዉላቸው ናት። ፊቷ ላይ ፀጉሯን የተሠራች ሴት አለች፣ ጀርባዋ ላይ ንስር። ክብደቷም እጅ ላይ ሲይዙት የጠገራ ነው። እኔ ግን ራሱን ቆጠርኩ። አንድ። ደረቱ ላይ ደግሞ የሳቮይ መስቀል።

«እማማ፣ ይቺ ጠገራ አይደለችም፣ የጠገራ ተፎካካሪ ናት» አልኳቸው። ጣሊያኖች በ1918 ለኤርትራ ንግድ ብለው የሠሯት ናት፣ ሰው ለማርያ ቴሬዛ ብር ያለውን እምነት ለመውሰድ ብለው መልኳን ሆን ብለው አቀራረቧት። ሕዝቡ ግን እንደ ጠገራዋ አልተቀበላትም።

«ታዲያ ብር አይደለችም?»

«ብር ናት እማማ፣ ብር ናት። አያስቡ።»

መሃረባቸውን መልሰው ቋጠሩ። «እናቴ ጠገራ ብላ ነው የሰጠችኝ፣ እኔም ጠገራ ነው የምላት» አሉ።

የእውነተኛዋን ጀርባ ለማታውቁ፦ ንስሩ ሁለት ራስ አለው። ደረቱ ላይ ያለው ጋሻ አራት ቦታ ተከፍሏል፤ ሃንጋሪ፣ ቦሄሚያ፣ ቡርጎኝ እና ቡርጋው፣ መሃል ላይ የኦስትሪያ ትንሽ ጋሻ። ቡርጋው የተባለችው ምን ትሠራለች ብዬ ብዙ ጠይቄ ነበር። ሳንቲሟ መጀመሪያ የተመታችበት ጉንዝቡርግ ከተማ ያለው በቡርጋው ግዛት ውስጥ ነው፣ ዛሬ ደቡብ ጀርመን ነው። በንግሥቲቱ ደረት ሥር ያሉት ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት ሁለት ፊደላትም የዚያው የጉንዝቡርግ ማተሚያ ሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ንግሥቲቱ በ1780 ዓረፈች፣ ዓመቱም እዚያው ቆመ፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሲመታ ሁሉ 1780 እየተባለ ነው። ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል በላቲን ተጽፎበታል። የኦስትሪያ የገንዘብ ማተሚያ እስከ ዛሬ አዲስ እያተመ ይሸጣታል፣ መደብሩ ሆይማርክት መንገድ ላይ ነው። አያቶቻችን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን ብር እዚያ መስኮት ውስጥ አዲስ ሆና ሳያት ልቤ ዘለለ።

ለጀማሪ ምን ያስፈልጋል? አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ በግራም ክፍልፋይ የሚመዝን ትንሽ ሚዛን፣ የጎን መብራት። መብራቱን ከላይ አታድርጉት፣ ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት፣ የጠፋ የሚመስለው ጋሻ በጥላው ብድግ ይላል። በምንም ዓይነት ኮምጣጤ ወይም በብረት ሱፍ አትፈግፍጉ፣ ሳንቲሙን ትገድሉታላችሁ፤ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃል። ጋሻውን ለይታችሁ አገሩን ከገመታችሁ በኋላ ኑሚስታ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። ነፃ ነው። ሰብሳቢዎች ራሳቸው የሚሞሉት ካታሎግ ሲሆን ለእያንዳንዱ ሳንቲም ፎቶ፣ ክብደትና ስፋት ይሰጣል። ሚዛናችሁ ያለውና ድረ ገጹ ያለው ከተገጣጠመ ጨርሳችኋል። ከመተግበሪያው ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እዚህ የምታረጋግጡት እናንተ ናችሁ።

ስለ ሻጩ ልናገር። ጨዋ ሰው ናቸው። ሚዛናቸውን ወደ ገዢው አዙረው ነው የሚመዝኑት። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የዜላንዷን ዱይት አሳየኋቸውና አንበሳው ከባሕር እየወጣ መሆኑን ነገርኳቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ አንድ እፍኝ ያለ ሚዛን ጨመሩልኝ። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ባልዲው ውስጥ ከየቦታው የተሰበሰበ ስለሆነ አንዱ ኪሎ የዘመናችን ዝርዝር ብቻ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የጓደኛዬ ኪሎ እንደዚያ ነበር፣ 25 ዩሮ ከፍላ አሥር የማይሞላ አሮጌ ሳንቲም ነው ያገኘችው። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ገዝታችሁ ብትካፈሉ ይሻላል።

ከእኔ ኪሎ ውስጥ 11 ሳንቲሞች እስካሁን አልተፈቱም። አንዷ ላይ ቁልፍ የሚመስል ነገር ይታየኛል፣ ሌላዋ ላይ ሰያፍ መስመር ብቻ። ቁልፏን የማውቃት ከመሰላችሁ ጻፉልኝ። ገበያው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ማለዳ ሂዱ፣ ካርድ አይቀበሉም።